የቆመ ጭቃ

ፓምፖቹ ቆመዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሳ የነበረው የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ጆሮ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታውን አያምነውም። ከዚያ ነፋሱ ይሰማል፤ ቀጥሎም አንድ ሰንሰለት ከብረት ጋር ሲነካካ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በባትሪ ብርሃን ወደ ጉድጓዱ አፍ ያያል። የሚያየው ጭቃ ነው፤ ግራጫ፣ ወፈር ያለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ጭቃ፣ በመቆፈሪያው ቱቦ ዙሪያ እንደ ቀለበት ቆሟል። ሰውየው ምንም አይነካም። 15 ደቂቃ፣ ሲያሻም 30 ደቂቃ፣ ዝም ብሎ ያያል።

ሥራው ይኸው ነው። ፓምፖቹ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱት ይህ ጭቃ አሁን ማንም ሳይገፋው ከፍ ካለ፣ ከታች የሚገፋው አለ። ዝቅ ካለ፣ ከታች የሚጠጣው አለ። ባለበት ከቆመስ? የቆመ ጭቃ ከረጋ እርጎ የበለጠ የሚያሳየው ነገር ያለ አይመስልም። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ነዳጅ ከማማው በላይ ሽቅብ ተወርውሮ፣ ሰዎች ከሥሩ ጥቁር ዝናብ እየዘነበባቸው ሲደሰቱ ይታያል። ዓለም የነዳጅን ጉልበት በዚያ ምስል ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ጉልበቱ ይበልጥ የሚታየኝ በዚህ፣ ምንም በማይሆንበት ቀለበት ላይ ነው።

ይህ ክብ የጭቃ ፊት የአንድ ረጅም ዓምድ አናት ነው። ዓምዱ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ስፋቱ ግን ከታች ሲደርስ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ያ ሁሉ ክብደት ጉድጓዱ ወለል ላይ አርፏል፣ ግድግዳውንም ይገፋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሚመልስ አለ። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከወዲያና ከወዲህ ሆነው በእኩል ጉልበት ሲገፉት በሩ አይነቃነቅም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የተዘጋ በር ብቻ ነው።

ከወዲያ ያለው ማን ነው?

ከመሬት በታች ነዳጅ አለ ሲባል ብዙ ሰው የተደበቀ ሐይቅ ይታየዋል፤ ዋሻ ውስጥ የተኛ ጥቁር ሐይቅ። ሐይቅ የለም። ያለው አለት ነው፤ አለቱ ግን ዓይን አለው። እንጀራ ዓይን አለው እንደምንለው ማለት ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ፈሶ ጥቂት ሲቆይ፣ በውስጡ የታመቀው አየር መውጫ ፈልጎ አንድ በአንድ ብቅ ሲል፣ ያ ሁሉ ትንንሽ ጉድጓድ ይከፈታል። የአለት ዓይን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ያለ ማጉያ መሣሪያ ማየት አይቻልም። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በቅንጣትና በቅንጣት መካከል የቀረው ክፍተት ነው። እያንዳንዱ ዓይን የሞላ ነው። አልፎ አልፎ ዘይትና ጋዝ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ውሃ፤ ያውም የጥንት ባሕር ውሃ፣ አሸዋው ሲረጋ አብሮት የተቀበረ።

ዓይን ለዓይን ተያይዞ እስከ ላይ መንገድ ካለ፣ ያ ውሃ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። በየ10 ሜትሩ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጨመራል። 3,000 ሜትር ላይ 300 ኪሎ፣ ማለት በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ ሦስት ኩንታል ጤፍ ነው። በዚያው ጥልቀት ከላይ ያለው አለት ከነውሃው ሲመዘን ግን ወደ ሰባት ኩንታል ይጠጋል። ትርፉን አራት ኩንታል የሚሸከመው ቅንጣት በቅንጣት ላይ ተደግፎ የቆመው አለት ራሱ ነው። ድንጋዩ የድንጋይን ድርሻ፣ ውሃው የውሃን ድርሻ። ምድር በአብዛኛው በዚህ ስምምነት ትኖራለች።

ስምምነቱ የሚፈርስበትን ቦታ ለማየት የሚሲሲፒ ወንዝ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን የሚገናኝበትን ማሰብ ይበቃል። ወንዙ ሰፊ አገር አጥቦ፣ ደፍርሶ ይመጣል። ባሕር ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ የያዘውንም ይጥላል። አሸዋው ቶሎ ይወርዳል። ደቃቁ ሸክላ እንደ ጉም ተንሳፍፎ፣ ራቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይረጋል። ገና የረጋው ጭቃ ከአሥር እጅ ሰባቱ ስምንቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ጭቃ ይወድቅበታል፤ በዚያም ላይ ሌላ። ጊዜ ካለ፣ ውሃው በቅንጣቶቹ መካከል እየተሹለከለከ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭቃው ይጨመቃል፣ ይጠነክራል፣ ዓይኑ ይከደናል።

ወንዙ ግን አይጠብቅም። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የተከመረው ደለል በአንዳንድ ቦታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። ክምሩ ከውሃው እርምጃ ሲፈጥን፣ ውሃው ሳይወጣ ይቀበራል። የሸክላ ቅንጣት እንደ ቅጠል ዝርግ ስለሆነ፣ ተደራርቦ መንገዱን ይዘጋበታል። ጥልቀቱ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል፤ ሸክላው ራሱ ሙቀት ሲነካው ተለውጦ በገላው ውስጥ አጣብቆ የያዘውን ውሃ ይለቃል፤ በታሰረው ላይ ሌላ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚወድቀው እያንዳንዱ ክንድ ደለል የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ ውሃው ላይ ነው። ሦስት ኩንታል ድርሻው የነበረው አራት፣ አምስት፣ ስድስት ይሸከማል።

ይህን ሸክም በቁጥር የያዘው ሰው የነዳጅ ሰው አልነበረም። ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1883 ፕራግ የተወለደ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነበር፤ የሚያስጨንቀው የሕንፃና የግድብ መሠረት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢስታንቡል ውስጥ፣ ቦስፎረስን ቁልቁል በሚያየው ሮበርት ኮሌጅ፣ ከወዳደቀ ቁሳቁስ መሣሪያ እያበጀ እርጥብ ሸክላ ሲጨምቅ ዓመታት አሳለፈ። በ1925 ውጤቱን ቪየና ላይ በመጽሐፍ አወጣው። የደረሰበት ነገር ሲነገር አጭር ነው፤ ከላይ የሚወርደው ክብደት ለሁለት ይከፈላል፣ ከፊሉን ቅንጣቶቹ፣ ከፊሉን በመካከላቸው ያለው ውሃ ይይዘዋል፤ የመሬቱ ጥንካሬ የሚመጣው ቅንጣቶቹ ከያዙት ብቻ ነው።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት የሚሳል አንድ ሥዕል አለ። ውሃ ያለበት ሲሊንደር፤ በውስጡ የብረት ሞላ፤ በላዩ ልክክ ያለ ክዳን፤ በክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ሲጫን፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ሞላው ምንም አይሰማውም። ድንጋዩን በሙሉ የያዘው ውሃው ነው። ከዚያ ውሃው በቀዳዳው ጠብ ጠብ ሲል ክዳኑ ዝቅ ይላል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ሸክሙም ከውሃ ወደ ብረት በዝግታ ይሸጋገራል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ነገሩ በደቂቃ ያልቃል። ቀዳዳው እየጠበበ በሄደ ቁጥር ያቺ የመጀመሪያ ቅጽበት ትረዝማለች።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ደስ ይለኛል። በሚሲሲፒ ጭቃ ውስጥ ያቺ ቅጽበት ሚሊዮን ዓመታት ሆናለች። ድንጋዩ ተጭኗል፤ ሞላው ግን የድርሻውን ገና አልተቀበለም። ጫካዎች በቅለው ጠፍተዋል፣ የባሕሩ ዳርቻ ወደፊትም ወደኋላም ሄዷል፣ ከታች ግን ሰዓቱ ገና ድንጋዩ ባረፈበት ሴኮንድ ላይ ነው። የታመቀ ግፊት ሲባል ቁጣ ይመስለን ይሆናል። ቀርበው ሲያዩት ግን መዘግየት ነው፤ ገና ያልተፈጸመ ርክክብ።

ውሃ ደግሞ መሸከም ይችላል። በ1959 ኪንግ ሀበርት እና ዊልያም ሩቢ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የከርሰ ምድር ሊቃውንት አንድ የቆየ እንቆቅልሽ አነሱ። ሰፋፊ የተራራ ንጣፎች ብዙ ኪሎ ሜትር ተንሸራተው ሌላ አለት ላይ ወጥተው ይገኛሉ። እንዴት? ሰበቃው ሊያስኬዳቸው አይገባም ነበር፤ ከኋላ የሚገፋቸው ቢኖር እንኳ ሳይንቀሳቀሱ በፊት ይሰባበሩ ነበር። መልሳቸው ውሃ ነበር፤ ከንጣፉ ሥር በአለቱ ዓይኖች ውስጥ የታሰረ ውሃ የተራራውን ክብደት አብዛኛውን ከያዘለት፣ ተራራው ይቀላል። ለማሳያ የተጠቀሙት የቢራ ጣሳ ነው። የቀዘቀዘ ባዶ ጣሳ አፉን ደፍተው፣ በጥቂቱ ብቻ ዘንበል ባለ እርጥብ መስታወት ላይ ያስቀምጡታል። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ጣሳውን ከሥር ይደግፈዋል፣ ጣሳውም ማንም ሳይነካው መንሸራተት ይጀምራል። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ አየሩ ሲያመልጥ ቀጥ ይላል። ተራራ እንዲህ ይሄዳል ብሎ ጣሳ ማሳየት ድፍረት ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው።

መሰርሰሪያው ወደዚህ ዓይነቱ አለት ሲቃረብ ነገሮች በዝግታ ይለወጣሉ። ውሃው ስላልወጣለት ዓይኑ ሳይከደን የቀረ ሸክላ ከጥልቀቱ አንጻር ለስላሳ ነው። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ድምፅ በአለት ውስጥ መፍጠን ሲገባው፣ እዚህ ይዘገያል። መሰርሰሪያው ደግሞ መዘግየት ሲገባው ይፈጥናል። ልምድ የሌለው ሰው ሥራ የቀናው ይመስለዋል። ልምድ ያለው ዝም ይልና ወደ ወንፊቱ ይሄዳል።

ወንፊቱ ያለማቋረጥ ይርገበገባል፤ ጭቃው ከታች ጠርጎ ያመጣውን ድንጋይ ይለያል። ከሚረግፈው አንዱን አንስቶ ማጠብ ነው። በመሰርሰሪያው ጥርስ የተቆረጠው እንደ ክክ ትንሽ ነው። አልፎ አልፎ ግን የተለየች ትመጣለች፤ ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ ጫፏ የሾለ፣ አንድ ጎኗ እንደ ጥፍር የጎበጠ ስንጣሪ። ይህችን መሰርሰሪያው አልቆረጣትም፤ ግድግዳው ራሱ ነው የጣላት። በውስጧ የነበረው ውሃ ከጉድጓዱ ጭቃ ስለበረታ፣ ክፍት ወዳገኘበት ወገን ገፍቶ ሰነጠቃት። መዳፍ ላይ ስትቀመጥ አትከብድም፤ በሁለት ጣት ብትጨበጥ ትሰበራለች። የሰው ሁኔታ ሲያጠራጥረን «ዓይነ ውሃው አላማረኝም» እንላለን። አነጋገሩ ለዚህች ስንጣሪ የተሠራ ይመስላል። ዓይን አላት፣ በዓይኗ ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃውም አያምርም።

መልሱ ክብደት ነው። ጭቃው ውስጥ ባራይት የተባለ ድንጋይ ዱቄት ይጨመራል። ከውሃ ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ከረጢቱን በዱቄት ግምት ለማንሳት የጎነበሰ ሰው ሳያነሳው ይቀራል። ባራይቱ ተንሳፍፎ እንዲቆይ የሚይዘው ደግሞ ቤንቶናይት ነው፣ እሱም ሸክላ። ከታች የታሰረውን ውሃ ያሰረው ሸክላ፣ ከላይ የሚመክተውን ጭቃ ያቆመውም ሸክላ።

የጭቃው ሚዛን ትንሽ ዕቃ ነው። በአንድ ጫፉ ኩባያ፣ ከዚያ ረጅም ክንድ፣ በክንዱ ላይ የሚንሸራተት ክብደት። ኩባያው እስከ አፉ ይሞላና ክዳኑ ሲጫን፣ በክዳኑ መሃል ካለችው ቀዳዳ ጥቂት ጭቃ ብቅ ይላል። እሱ ይጠረጋል። ክዳን፣ ጠባብ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ጠብ የሚል ነገር፤ ሠራተኛው በየሰዓቱ ሳያስበው ያንኑ የሲሊንደር ሥዕል በእጁ ይደግመዋል። ከዚያ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ እስኪቆም ክብደቱን በጣቱ ገፋ፣ መለስ ያደርጋል። ቁጥሩ 1.50 ከሆነ፣ ጭቃው ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል፤ 3,000 ሜትር ላይ ሦስት ኩንታል የነበረው አራት ኩንታል ተኩል ሆነ ማለት ነው። ከአምስት ኪሎ ሜትር በታች ካለ ባሕር ጋር የሚደረግ ንግግር በዚህች አረፋ ላይ ይነበባል።

ታዲያ አብዝቶ ማክበድ አይሻልም? አይሻልም። አለት የሚችለው አለው። ጭቃው ከሚገባው በላይ ከከበደ አለቱን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁም ይፈሳል፤ ዓምዱ ያጥራል፣ ሲያጥር ይቀላል፣ ከወዲያ ያለውም ይገባል። ውሃው የድንጋዩን ድርሻ በያዘበት ጥልቀት ደግሞ በበቂና በትርፍ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

በ2010፣ በዚያው ባሕረ ሰላጤ፣ ከሉዊዚያና ዳርቻ ወዲያ፣ 1,500 ሜትር ያህል ባሕር በላዩ የነበረው አንድ ጉድጓድ ይህን ጥበት አይቷል። ማኮንዶ ይሉታል፤ ስሙ የደራሲው ጋርሲያ ማርኬዝ ልብ ወለድ ከተማ ነው። ከታች ያለው አሸዋ የሚገፋው 1.51 የሚመዝን ጭቃ የሚገፋውን ያህል ነበር፤ ያቆመው ጭቃ 1.68 ነበር። አለቱ ጭቃውን መጠጣት ስለጀመረ ከታሰበው ጥልቀት ሳይደርሱ፣ 5,590 ሜትር አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ቁፋሮውን አቆሙ። የብረት ቱቦ አወረዱ፣ በሲሚንቶ አሸጉት። ኤፕሪል 20 ቀን፣ ሲሚንቶው ይዟል በሚል እምነት፣ በጉድጓዱ ላይኛው ክፍል ያለውን ጭቃ በባሕር ውሃ መተካት ያዙ። ከበሩ ወዲህ ያለው ሰው ትከሻውን ማንሳት ጀመረ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ ፓምፖቹ ቆሙ። የቆሙት ወደ ባሕር የሚለቀቀው ፈሳሽ ዘይት እንደሌለበት በዓይን ለማረጋገጥ ነበር። ለስድስት ደቂቃ ያህል ጉድጓዱን የሚገፋ ፓምፕ አልነበረም። በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች በመቆፈሪያው ቱቦ ላይ የሚነበበው ግፊት ከ1,017 ፒኤስአይ ወደ 1,263 ወጣ። ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ ስክሪን ላይ እንደ ዳገት የምትሄድ አንዲት መስመር። ሰዎቹ የሚያዩት ፈሳሹን ነበር፤ ፈሳሹም ንጹሕ ነበር። ፓምፖቹ እንደገና ተነሱ። 3 ሰዓት ከ49 ላይ ጉድጓዱ ገንፍሎ፣ ጋዙ መድረኩን አልብሶ፣ እሳት ሆነ። 11 ሰዎች አልተመለሱም። ነዳጁ 87 ቀን ባሕር ውስጥ ሲፈስ ዓለም በቴሌቪዥን አየው።

እሳቱን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምመለሰው ወደ ስድስቱ ደቂቃዎች ነው። ከታች የነበረው ነገር በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብቻውን ተሰማ። ሚሊዮን ዓመት ዝም ያለ ነገር ሲናገር የሚናገረው እንደዚያ ነው፤ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌላ ምንም።

አንዳንዴ ደግሞ ፓምፕ ሲቆም ጭቃው ወዲያው አይረጋም፣ አደጋም ሳይኖር። ፓምፑ ሲገፋ አለቱ ላይ ተጨማሪ ጫና ስለሚኖር፣ በግድግዳው ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ተከፍተው ጭቃ ይጎነጫሉ። ፓምፑ ሲያቆም ይከደኑና የተጎነጩትን ይመልሳሉ። ቆፋሪዎች ጉድጓዱ ተነፈሰ ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሹና ከታች የሚመጣው ግፊያ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣ ጭቃ ናቸው። የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። ትንፋሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላው አይቀንስም።

ሰውየው ባትሪውን እንደያዘ ነው። መጀመሪያ ከጉድጓዱ በሚመልሰው ቱቦ እንደ እጅ ውፍረት ይወርድ የነበረው ጭቃ እንደ ጣት ሆኗል። ደቂቃ ቆይቶ እንደ ክር። ሰዓቱን ያያል፣ ደብተሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ብርሃኑን መልሶ ያነጣጥራል። ክሩ ተበጥሶ ጠብታ ይሆናል፤ አንድ፣ ቆይቶ ሌላ። ከኋላው አንዱ ሊናገር ይጀምርና ይተዋል። ከመመለሻው ቱቦ ከንፈር ላይ አንዲት ጠብታ ትወፍራለች፣ ትረዝማለች፣ ተንጠልጥላ ትቆያለች።